ከደጄ የተነሳው ድንጋይ

ቄሱ በሩ መግቢያ ላይ ቆመው ነበር፤ የእጅ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። የእድራችን ዳኛ ከእሳቸው አጠገብ ቡፌውን ተደግፈዋል። የመንገዳችን ባለሱቅ ከሁለቱ ኋላ ነው፤ አንድ እግሩ ቤት ውስጥ፣ አንድ እግሩ በረንዳ ላይ። ጎረቤቴ መስኮቱ ሥር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። ልጇ ውጭ፣ ግቢው መሀል ነው፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም። ወንበር ቢቀርብለትም እሺ ካልተባለ አይነካውም፤ ውሃም አይቀምስም። ልማዱ የሚለመነውን ሰው ለማስጨነቅ የተበጀ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ፊትህ ቆሞ ሲለምንህ ተቀምጦ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔም ለሌላ ሰው ጉዳይ ስንት ጊዜ እንዲሁ በሰው ቤት ቆሜአለሁ። ያን ዕለት ግን የተቆመው በእኔ ላይ ነበር።

ከቄሱ እግር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ዕቃ ወለሉ ላይ ነበር። የስፌት መኪናዬ ራስ ነው። ድንጋይ የተሸከመው ሰው ሰርቆ የሸጠው፣ እኔ ራሴ ደርሼበት ያስመለስኩት። ከግቢው ውጭ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። መኪናዋን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድና የክስ ቃሌን ልሰጥ፣ ጫማዬን አድርጌ ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል ነው የደረሱብኝ።

ልጅ የምለው ለምዶብኝ ነው እንጂ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። አየር ጤና ጋራዦቹ አካባቢ መለዋወጫ ይደልላል። ግድግዳ ብቻ ከሚለየን ቤት ነው የተወለደው።

ነገሩ የሆነው ሰፈራችን ለቅሶ በተቀመጠ ዕለት ነው። ሴቶቹ ሁላችንም ከጠዋት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ቀኑ ልብስ አጣቢዋ የምትመጣበት ቀን ስለነበረ የቤቴን ቁልፍ ጎረቤቴ ዘንድ ትቼ ሄድኩ። ይህ የዱሮ ልማዳችን ነው። በወጥ ቤቷ በር ጀርባ ምስማር አለ፤ የእሷ ቁልፍና የእኔ ቁልፍ አንድ ላይ ተንጠልጥለው ነው የኖሩት። አጣቢዋ ከዚያ ወስዳ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ቆልፋ ትመልሳለች። በአራት ቤት ታጥብ ነበር፤ የአራቱንም ቁልፍ የምታውቅ ሴት ናት።

ማታ ስመለስ ልብሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ቤቱ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፌን ከምስማሩ አንስቼ፣ ገብቼ መብራት ሳበራ የመኪናዋ ጠረጴዛ መሀሉ ባዶ ነበር። ራሷ ተነቅላ ተወስዳለች። የቆዳ ቀበቶዋ ብቻ መርገጫው ላይ ወድቋል።

ይህች መኪና ለእኔ የቤት ጌጥ አይደለችም። ዩኒፎርም ከሚሰፋበት ቤት ሥራ ከወጣሁ ወዲህ፣ ባለቤቴም ከሞተ ወዲህ፣ የምኖረው በእሷ ነው። የተማሪ ሱሪ አሳጥራለሁ፤ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ የነጠላ ጥለት እመልሳለሁ። ልጅ የለኝም፤ የሰው እጅ ማየትም አልወድም።

ጎረቤቴ ከሁሉ ቀድማ መጣች። እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆመችና የአጣቢዋን ስም ጠራች። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉ ከእሷ በቀር ማን እጅ ገባ፣ አለች። ልጇም መጣ። ዝም አይባልም እማማ አለኝ። ቀጥሎ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። አጣቢዋ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ከተከራየችበት ክፍል ድረስ ሄዶ፣ ክንዷን ይዞ አመጣት። መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እያየ፣ ቦርሳዋን ገልብጦ አራገፈው። የወደቀው የተጎረደ ሳሙና፣ በላስቲክ የታሰረ ቆሎና አንዲት የልጅ ካልሲ ነበር። የብረት መኪና በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይፈልግ ነበር። ይህን አይቶ የሳቀ የለም። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማ፣ "ሌላ ማን ቁልፉን ነካው? ንገሩኛ፣ ማን ነካው?" ትል ነበር።

ተዋት አልኩ። አልሰሙኝም። ጣቢያም ወሰዷት። እዚያ ስጠየቅ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልናገርም፣ እሷን አልከስም አልኩ። አሳድረው በማግሥቱ ለቀቋት። ከዚያ ወዲያ ግን በመንገዳችን ላይ ለማጠብ የጠራት ቤት የለም። እኔ ብጠራትም አልመጣችም። ክፍሏን ለቅቃ ወደ አስኮ ሄደች።

መኪናዋን ያገኘኋት በእጅ መርፌ መስፋት ሰልችቶኝ፣ ክር ልገዛ አየር ጤና በወረድኩበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው ይሠራሉ። በአንዱ ፊት ሳልፍ ቆምኩ። ጥቁሯ መኪና ላይ ያለው ወርቃማ አበባ በቀኝ በኩል ተልጧል፤ የእኔ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ልብስ ሰፊው ምን ላሳይዎት እማማ አለኝ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ይህች መኪና የእኔ ናት አልኩት።

ሳቀ። ስንት ዓይነት ጥቁር መኪና አለ መሰለዎት አለኝ። የክር ማጠንጠኛው ሥር ያለውን ክዳን ክፈት፣ ቀይ ሱፍ ታገኛለህ አልኩት። ዘይት የሚይዘው ሱፍ ባለቀበት ጊዜ ከባለቤቴ አሮጌ ባርኔጣ ቆርጬ የከተትኩት ነው። ከፈተው። ሱፉ እዚያው ነበር። ሰውየው ሳቁን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ።

ማን ሸጠልህ ስለው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ነው አለ። ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። በልጅነቱ ከግቢዬ የዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቆ ነው፤ ደሙን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ "የእናቴ ናት፣ እናቴ ስለሞተች ነው የምሸጣት ብሎኝ እኮ ነው። አዝኜለት ነበር።"

ይህን ለእናቱ አልነገርኳትም። አሁንም አታውቅም።

ሰውየው ያወጣሁትን ገንዘብ ማን ይመልስልኛል አለኝ፤ የሸጠልህ አልኩት። ተከራከረ። እኔ ከአግዳሚው አልተነሳሁም። ደንበኛ ሲመጣ ጠጋ እልና እዚያው እሆናለሁ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነልኝ። ጣቢያ ከጠሩኝ መጥቼ እመሰክራለሁ፣ እኔም ተሰርቄአለሁ አለኝ። ከሁሉም ሰው ቀና ንግግር የሰማሁት ከእሱ ነው።

በማግሥቱ ጣቢያ ሄጄ ለመርማሪው ነገርኩት። ወጣት ነው፤ ጨዋም ነው። ዕቃዬን ማግኘቴን ሲሰማ ደስ አለው። "እማማ፣ ዕቃዎን ካገኙት ሌላ ምን ይፈልጋሉ?" አለኝ።

የሰረቀው ሌባ እንዲባል አልኩት።

ሰውየው ጎረቤትዎ ነው፣ እድርተኛ ናችሁ፣ በሽማግሌ ብትጨርሱት አይሻልም ወይ አለ። ከከሰስኩ መኪናዋ ኤግዚቢት፣ የክሱ ማስረጃ ስለሆነች እዚያው ጣቢያ ትቀመጣለች አለኝ። በእጁ ወደ አንድ ክፍል አመለከተኝ። ብስክሌት፣ ቴሌቪዥን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሁሉም አቧራ ለብሶ ተከምሯል። እስከ መቼ ስለው፣ እሱን ፍርድ ቤት ነው የሚያውቀው አለኝ። ሌባው የወሰደብኝ ለጥቂት ሳምንታት ነበር። ሕጉ ምናልባት ዓመት ሊወስድብኝ ነው። ይህን ሰምቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ተናድጄ ነበር ማለት አልወድም፤ ግን ያን ሰሞን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነበር።

ልተወው ብዬም አስቤአለሁ። ባለቤቴ በታመመ ጊዜ ሾርባ ይዛ የተመላለሰችው ያቺው ጎረቤቴ ናት። መኪናዋን ጠረጴዛዋ ላይ መልሼ ገጠምኳት፤ ቀበቶዋን አሰርኩ፤ አንድ የተማሪ ሱሪ ሰፋሁባት። ድምፅዋ ደህና ነበር። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

ግን አስኮ ሄድኩ። አጣቢዋን መንገድ ዳር ድንች ቀቅላ ስትሸጥ አገኘኋት። መኪናዋ ተገኘች፣ የሰረቀውም ታወቀ አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። የድንቹን ላስቲክ አስተካክላ ሸፈነችና ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

"መኪናው መገኘቱን ማን ሰማ፣ እማማ? ሌባ መባሌን ግን ሁሉም ሰምቷል።"

 ድንች ልገዛ ስል በነጻ ሰጠችኝ። ያን ድንች ይዤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ነው የወሰንኩት። ቤቴ ስደርስ የመኪናዋን ራስ ፈታኋት፣ በጋቢ ጠቀለልኳት፣ ባጃጅ ለጠዋት ቀጠርኩ። ወሬው እንዴት ከእኔ ቀድሞ እንደደረሰ አላውቅም። መርማሪውም የሰፈር ሰው ነው።

እንግዲህ ጠዋት እነዚያ ሰዎች ቤቴ ውስጥ ቆመው ነበር።

ቄሱ የነፍስ አባቴ ናቸው። እሳቸውን ሳይ የያዝኩትን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ይቅር ማለት ስለሚያስገኘው ነገር ተናገሩ፤ ረጅም ነበር፤ መልካምም ነበር። ዳኛው ደግሞ ልጁ የኳስ ውርርድ ሱስ ይዞት፣ ዕዳ ገብቶ፣ ሰይጣን አሳስቶት እንደሆነ አስረዱኝ። ባለሱቁ በኋላ በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ "እትዬ፣ ቶሎ እሺ ይበሉን። ልጁ ወገቡ ከተቀነጠሰ ለእሱም ሌላ ሽማግሌ ልንልክ ነው" አለ። ዳኛው ፈገግ አሉ። ቄሱም ፂማቸውን ዳሰሱ። ጎረቤቴ ታለቅሳለች።

እኔም በመጨረሻ ተናገርኩ። ቄሱ ስለመጡ ነው እንጂ ያን ያህል እንኳ ለመለሳለስ አላሰብኩም ነበር።

"እሁድ እድሩ ይሰበሰባል። እዚያ ይቁምና በገዛ አፉ ይናገር። የሰረቅሁት እኔ ነኝ፣ አጣቢዋ ንጹሕ ናት ይበል። እሱን ካደረገ ጣቢያ አልሄድም፤ ባጃጁን አሁን አሰናብታለሁ።"

ከልቤ ነበር ያልኩት። እሺ ቢሉኝ ኖሮ መኪናዬም ቤቴ ትቀር ነበር።

ዳኛው ከተደገፉበት ቡፌ ቀና አሉ። "እትዬ፣ ይሄማ ከጣቢያውም የባሰ ነው" አሉ። ልጁ የልጆች አባት ነው፣ ሚስቱ ቤተሰብ አላት፣ አየር ጤና ላይ በእምነት የሚሠራ ሰው ነው፣ ስሙ አንዴ ከጠፋ አይመለስም አሉ። ሴትዮዋን እኛ በጎን አስጠርተን ይቅርታ እንጠይቃታለን፣ አንድ ቀሚስ እንገዛላታለን፣ ቀስ በቀስ ሰፈሩም ወደ ሥራዋ ይመልሳታል አሉ። እሷ እንደሆነ ሆደ ሰፊ ናት አሉ።

"ቦርሳዋን ያራገፋችሁት በጎን አልነበረም" አልኳቸው።

ዳኛው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር አነሱ። የእድራችን ደንብ አባል አባልን በሽማግሌ ሳይጨርስ ጣቢያ እንዳይሄድ እንደሚል አስታወሱኝ። እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት መሆኔንም አስታወሱኝ። "ነገ ለእርስዎም ድንኳን የሚተክለው ይኸው ሰፈር ነው" አሉ።

"ያን ድንኳን እኔ አላየውም" አልኳቸው። "ቢተከልም ባይተከልም ለእናንተ ነው።"

ባለሱቁ ሳል ይሁን ሳቅ አፈነ። ዳኛው ፊታቸው ተለወጠ። በጎረቤቶቼ ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ሁልጊዜ ዝም የምል ሴት ስለሆንኩ ዝም የምል መስሏቸው ነው የመጡት።

ይህን ጊዜ ጎረቤቴ ከመስኮቱ ሥር መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ላነሳት ስል አልነሳ አለች። "እህቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። አዝለሽ ያሳደግሽው ልጅ ነው። እኔስ መች አስቻለኝ ብለሽ ነው? ያን ዕለት ከለቅሶው መጥቼ ቁልፍሽን ከኮቱ ኪስ ሳገኘው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ..."

አቆመች።  የተናገረችውን ራሷም የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው።

ያን ዕለት አለች። ያን ዕለት ቁልፌን ከልጇ ኪስ አግኝታ፣ ወደ ምስማሩ መልሳ ሰቅላ፣ ወደ እኔ መጥታ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና የአጣቢዋን ስም ጠራች። ቆሎው መሬት ሲፈስ እያየች ማን ነካው ትል ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ አንድ ሌባ ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር።

ወደ ቄሱ ተመለከትኩ። መስቀሉን ከደረታቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት ያዩ ነበር።  ዳኛው፣ "እናት ናት፣ እትዬ፤ እናት ምን ታድርግ" አሉ። አጣቢዋም እናት ናት። ካልሲዋን ማንም አላነሳላትም ነበር፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

የግቢው በር ጓ ብሎ ተላተመ። ነፋስ ነበር። ደግሞ ተከፈተና ደግሞ ተላተመ። ባለባጃጁ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ትዕግሥቱ አልቆ በረንዳው ድረስ መጣና በባለሱቁ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየን።

"ይቅርታ እማማ፣ ሰርግ ይሁን ለቅሶ አላወቅሁም። በሩ ባጃጄን እየደበደበው ነው። ማስደገፊያውን ድንጋይ ማን አነሳው?"

የግቢዬ በር መቀርቀሪያው ከተበላሸ ቆይቷል። በሩን የሚይዘው አንድ ድንጋይ ነው፤ አጥሩ በተቀባ ጊዜ ኖራ ፈሶበት አንድ ጎኑ ነጭ ነው። ተነስቼ በባለሱቁ አጠገብ ወደ ግቢው አየሁ። ነጩ ጎን በልጁ ጆሮ ሥር ነበር። ለይቅርታ የሚሸከመውን ድንጋይ እንኳ ከቤቱ አላመጣም። ሲገባ ከደጄ ነው ያነሳው።

ባለሱቁም አየ። "ሌባ ላመሉ..." ብሎ ጀምሮ ተወው።

ቦርሳዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። የቄሱን መስቀል ተሳለምኩ፤ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቼ ልጁን በስሙ ጠራሁት። ቀና አለ። ጠባሳው ላይ ላብ ነበር።

"ድንጋዩን ካነሳህበት መልስ" አልኩት።

ታረቅን ማለቴ መሰለው፤ ፊቱ ፈታ አለ። ሄዶ በሩ ሥር አስቀመጠው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሲመለስ፣ "አሁን ደግሞ መኪናዋን አንሳ" አልኩት። "ክብደቷን ታውቀዋለህ። እስከ ባጃጁ አድርስልኝ።"

እናቱን አየ፤ ዳኛውን አየ።  ገባና ጋቢውን ከነመኪናው አቀፈው። በሽማግሌዎቹ መሀል ሲያልፍ ቄሱ መንገድ ለቀቁለት። የኋላ ወንበር ላይ በጥንቃቄ አስቀመጣት። ባለባጃጁ ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቀም፤ ከጠዋት ነግሬው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቤቴ ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ በእጄ ደገፍኳት፣ ሄድን።